ያልከዳን ብረት

አባቴ ትቶልን ያለፈው ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ነው። አራቱም ቸርኬዎች፣ ከፊት ኮፈኑ ስር የተኛው ትርፍ ጎማ ቸርኬም ጭምር፣ ከፋብሪካ አብረውት የወጡ ናቸው። የተሠሩበት ወርና ዓመት ብረታቸው ላይ ተመትቷል።

ባለፈው ክረምት ካላማዳሪ ላስለጥፍ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ልጁ የኋላውን ቸርኬ አገላብጦ አየና አንድ ቦታ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። «ወንድሜ፣ ይቺ ቀለም ናት ወይስ ስንጥቅ?» አለኝ። ከብሎኑ ቀዳዳ አጠገብ ፀጉር የምታክል መስመር ነበረች። «ዝገት ይሆናል» አልኩትና አስገጥሜ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ነዳሁት። ይህን የምጽፈው ስለነዚያ ሦስት ወራት ነው።

ለእናቴ ቸርኬዎቹን ልቀይር ይሆናል ስላት «አርባ ዓመት ያልከዳንን ብረት ዛሬ አንተ ልትከዳው ነው?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሰው የሚፈልገውን ምክንያት ሲያገኝ መች ይመረምራል! ደግሞ እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች የሚሠራን ኮድ አትንካ እንባባላለን።

ግን ኮድ ሚሊዮን ጊዜ ስለሠራ አይደክምም። ብረት ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1842 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከቬርሳይ ሲመለስ የነበረ ባቡር አክሰሉ ተሰብሮ በርካታ ሰው አለቀ። በኋላ ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር የባቡር አክሰሎችን ደጋግሞ እየጫነ ፈተነ፤ አንድ ጊዜ ቢጫን የማይሰብር ሸክም ሲመላለስ እንደሚሰብር አሳየ። የኛ ቮልስ ጎማ አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ገደማ ይሄዳል። በቀን 10 ኪሎ ሜትር ብንል 5,000 ዙር ነው፤ በአርባ ዓመት ከ70 ሚሊዮን በላይ። እርግጥ ጭነቱ ከልኩ ካላለፈ ጥሩ ብረት ለረጅም ዘመን ይችላል። ነገር ግን ዝገት ልኩን ያወርደዋል፣ የአዲስ አበባ ጉድጓድ ደግሞ ጭነቱን ያንረዋል። ስለዚህ የእናቴ አርባ ዓመት ምስክር ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው።

አደጋው የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርጫዬ ነው ባልኩ ነበር። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ግን ከአባቴ ምንም አልወረሰችም። ትዝታው የእኔ፣ አደጋው የሷ። ኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጠውን የእህቴን ልጅም ማንም አልጠየቃት።

ታዲያ ለምን አላስመረመርኩም? ገንዘብ አጥቼ አይደለም። ውጤቱን ፈርቼ ነው። ካላወቅሁ ጥፋተኛ አልሆንም የሚል ሒሳብ ይዤ ነበር። ያ ልጅ በጥፍሩ ከጫረው በኋላ ግን አለማወቄ የዋህነት መሆኑ ቀርቷል፤ ምርጫ ሆኗል።

ይህን ስል አሮጌ ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። ማን እንደሠራው የማይታወቅ አዲስ ቸርኬ ከደህና አሮጌ ሊብስ ይችላል። ጥያቄው ተመርምሯል ወይስ አልተመረመረም ነው።

በመጨረሻ አስመረመርኩ። ቀለሙ ተፋቀ፣ ቀይ ፈሳሽ ተቀባ፣ ተጠረገ፣ ነጭ ዱቄት ተነፋበት። በኋላው ቸርኬ ላይ ከብሎኑ ቀዳዳ ተነስቶ ቀይ መስመር ብቅ አለ። ሌሎቹ ላይ ምንም አልታየም። በቦታው ትርፉን ገጠምነው፤ ዕድሜው እኩል ነው፣ ግን አብዛኛውን ዘመን ኮፈን ስር ተኝቶ የኖረ።

የተሰነጠቀውን ቤት ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። ቀዩን መስመር በጣቷ ዳበሰችው።

«ደክሞት ኖሯል ለካ» አለች። «ታዲያ ምነው ቶሎ ባሳረፍከው?»

ስለ ሦስቱ ወር አልነገርኳትም።