ያሠራና የሠራ

ያማረ ነገር አይቶ ማድነቅ የጤናማ ልብ ምልክት ነው፤ ነገር ግን ያማረውን እያደነቀ በገዛ ወገኑ የሚያፍር ሰው ምን ይባላል? ይህን የማነሣው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ የራሴ ነውና፡፡

የምኖረው በሁርሶ ነው፡፡ አያቴም በዚሁ አካባቢ የምድር ባቡር ሐዲድ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ነበሩ፡፡ አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ይዤ ወደ ድሬዳዋ ሄድሁና ከዚራን አሳየሁት፡፡ ከዚራ፣ አንባቢ ሆይ፣ በ1895 ዓ. ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ለኩባንያው ሹማምንትና ለውጭ አገር ሰዎች መኖሪያ በፕላን የተሠራ ሰፈር ነው፡፡ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላውን የዘረጋ፣ የቤቱም በረንዳ ሰፊ ነው፡፡ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን ነጋዴውና ሠራተኛው በየአቅሙ የሠፈረበት፣ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ የሆነ ሰፈር ነው፡፡

በዛፎቹ ሥር ስንሄድ እንግዳዬ፣ «ከቤተሰብዎ በባቡሩ የሠራ ሰው ነበርን?» ሲል ጠየቀኝ፡፡ እኔም ሳላመነታ፣ «አያቴ የኩባንያው ጸሐፊ ነበሩ፤ ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ይኖሩ ነበር» አልሁት፡፡ ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ የአያቴ እጅ ትዝ አለኝ፤ በፀሐይ የጋለ ብረት ሲያነሣ የኖረ፣ መዳፉ የሻከረ እጅ፡፡ እኔን ያሳደገኝም ያው እጅ ነበር፡፡

ለምን ዋሸሁ? ያስገደደኝ አልነበረም፡፡ የሰፈሩ ውበት ከባለ በረንዳው ወገን እንድቆም አባበለኝ እንጂ፡፡

በካሪቢያን ባሕር ባለችው በሳንቶ ዶሚንጎ ከተማ ስፔናውያን ያሠሩት አሮጌ ሰፈር አለ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፡፡ የገዥዎቹ ስም እስከ ዛሬ ይነገራል፤ በዚያች ደሴት በባርነት ከደከሙት አፍሪቃውያን ግን የብዙዎቹ ስም ጠፍቷል፡፡ የእኛ ነገር ከዚያ ይለያል፤ ባቡሩ የተሠራው በቅኝ ገዥ ትእዛዝ ሳይሆን ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. በሰጡት ፈቃድ ነው፡፡ ይሁን እንጂ እዚያ ባዕድ የረሳውን እኔ እዚህ የልጅ ልጅ ሆኜ ካድሁት፡፡ ከሁለቱ የትኛው ይከፋል?

«እንግዲያው ቤቶቹን እንጥላቸው» የሚል ይኖር ይሆናል፡፡ ይህም መድኃኒት አይደለም፡፡ ያ ጥላ ዛሬ ለመንገደኛው ሁሉ ነው፡፡ በ2009 ዓ. ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ መሄድ ከጀመረ ወዲህ አሮጌው ሐዲድ የሚጠብቀው ሰው ይሻል፤ እርሱ ቢጠፋ የሚጠፋው ያሠራው ሰው ስም ሳይሆን የአያቴ የእጅ ሥራ ነው፡፡

ወደ ሁርሶ ከመመለሳችን በፊት እንግዳዬን ወደ አሮጌው ጣቢያ ወስጄ እውነቱን ነገርሁት፡፡ ላቡ በግንባሬ ይወርድ ነበር፤ ከድሬዳዋ ሙቀት ግን አልነበረም፡፡ እርሱም ሐዲዱን ጥቂት ተመለከተና፣ «አያትዎ ስማቸው ማን ነበር?» አለኝ፡፡ ስማቸውን ከነአባታቸው ነገርሁት፡፡ በዚያ ስፍራ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር፡፡

ወጣት ሆይ፣ ያማረ ሥራ ስታይ ሳትሰስት አድንቅ፡፡ ነገር ግን «ማን አሠራው?» ብለህ ብቻ አትለፍ፤ «ማን ሠራው?» ብለህም ጠይቅ፡፡ መልሱ ከቤትህ ቢገኝ አትፈር፡፡