ፈጠራና ሐሰት፦ ያልነበረ የሙዚቃ ቡድን የሚያስነሣው ጥያቄ

አማርኛ «ፈጠራ» የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ ይሠራበታል። ደራሲ ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ ሠዓሊ በሸራ ላይ ቀለም ሲያፈስ የፈጠራ ሥራ ሠራ ይባላል። ጎረቤት ጎረቤቱን ባልዋለበት አውሎ ባላደረበት አሳድሮ ሲከስም የፈጠራ ክስ መሠረተ ይባላል። አንዱ ያስከብራል፤ ሌላው ያስቀጣል። አንድ ቃል የክብርም የበደልም መጠሪያ መሆኑ ከቋንቋው ድህነት የመጣ አይደለም፤ የጉዳዩን አስቸጋሪነት የሚያመለክት ነው። ሁለቱም ያልነበረውን እንደ ነበረ አድርገው ያቀርባሉና። እንግዲህ ወሰናቸው የት ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ ከሥሩ ለመመርመር የሚያመች አንድ እንግዳ ታሪክ በሙዚቃው ዓለም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. በአሜሪካዊው ሮብ ራይነር አዘጋጅነት «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ» የተሰኘ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ፊልሙ በአቀራረቡ ዘጋቢ ፊልም ይመስላል። ስፓይናል ታፕ የተባለ የእንግሊዝ የሄቪ ሜታል ቡድን አዲስ ሸክላ አሳትሞ በአሜሪካ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሲጫወት ካሜራው ይከተለዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቡድን በእንግሊዝ አገር ኖሮ አያውቅም። ሦስቱን ዋና ዋና ሙዚቀኞች ሆነው የቀረቡት ማይክል ማኪን፣ ክሪስቶፈር ገስትና ሃሪ ሺረር የተባሉ ተዋንያን ናቸው።

የዚህ ያልነበረ ቡድን የሥራ ዘመን በብርቱ ጥንቃቄ የተበጀ ነው። ቡድኑን የሚመሠርቱት ሁለት የልጅነት ጓደኞች ናቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዘመኑ የሚወደውን ዘፈን ይዘፍናሉ፤ ጥቂት ቆይቶ የአበባና የሰላም ዜማ ሲመጣ እነርሱም ባለ አበባ ይሆናሉ፤ ኋላም ሄቪ ሜታል ገበያውን ሲይዝ ቆዳ ለብሰው ይጮኻሉ። ከበሮ መቺዎቻቸው አንድ በአንድ ለማመን በሚያስቸግር አደጋ ያልቃሉ። የአዲሱ ሸክላቸው ሽፋን ሴትን የሚያዋርድ ነው ተብሎ ስለሚከለከል ሸክላው አንዳች ሥዕልም ጽሑፍም በሌለው ጥቁር ሽፋን ይወጣል። ለመድረክ ማስጌጫ የታሰበው የድንጋይ ሐውልት 18 ጫማ መሆን ሲገባው በወረቀት ላይ 18 ኢንች ተብሎ በመጻፉ ከጉልበት የማያልፍ ሆኖ ይመጣል። ትርዒቶች ይሰረዛሉ፤ አዳራሾች ይጠብባሉ፤ በመጨረሻም የቡድኑ ስም ከአሻንጉሊት ትርዒት በታች ተጽፎ ይታያል። የጊታር ተጫዋቹ የሚኮራበት ድምፅ ማጉያ ግን የሌሎቹ በ10 ሲያበቃ እርሱ እስከ 11 ይቆጥራል። 10ን ራሱን ከፍ ማድረግ አይሻልም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ያለው መልስ ያንኑ ቁጥር ደግሞ መጥራት ብቻ ነው።

ተመልካች ይስቃል። የሚስቀው ግን በአንድ ቡድን ላይ ብቻ አይደለም፤ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ልብሱን እየለወጠ የራሱን ድምፅ በሚያጣ ከያኒ ላይ ነው፤ ጩኸትን ኃይል፣ ቁጥርንም ትርጉም አድርጎ በሚቆጥር ሁሉ ላይ ነው። ያልነበረው ቡድን ብዙ የነበሩ ቡድኖች ስለ ራሳቸው ሊናገሩት ያልደፈሩትን እውነት ተናገረ።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አልቆመም። ተዋንያኑ በዘፈኖቹ ድርሰት ተካፍለዋል፤ የሙዚቃ መሣሪያዎቹንም የተጫወቱት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ልብ ወለዱ ቡድን ከፊልሙ ወጥቶ በሰው ፊት ቆመ። በ1992 አዲስ የዘፈን ስብስብ አሳትሞ በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ተጫወተ፤ በ2007 በዌምብሌይ ስታዲየም፣ በ2009 በግላስተንበሪ የሙዚቃ በዓል ቀረበ። ፊልሙም በ2002 በአሜሪካ ተጠብቀው ሊቆዩ ይገባል ከተባሉት ፊልሞች ብሔራዊ መዝገብ ገባ። የሌለ ቡድን የሚያሰማውን የሚሰማ ሙዚቃ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቆሞ አደመጠ። ይህ ሕዝብ ተታለለ ማለት ይቻላልን?

መልሱን ለማግኘት ሌላ ታሪክ አጠገቡ ማቆም ይጠቅማል። በ1989 ሚሊ ቫኒሊ የተባለ፣ ሁለት ወጣቶች በፊት ለፊት የሚታዩበት ቡድን በዓለም ገነነ። በየካቲት 1990 የግራሚ ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሽልማቱ ተነጠቀ፤ በሸክላው ላይ የሚሰማው ድምፅ የሁለቱ ወጣቶች አለመሆኑን የሸክላው አዘጋጅ ፍራንክ ፋሪያን ራሱ ስላመነ ነው። ዘፋኞቹ ሌሎች ነበሩ፤ እነርሱ በስቱዲዮ ዘፈኑ፣ ወጣቶቹ በመድረክ አፋቸውን አንቀሳቀሱ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው እንቆቅልሽ አለ። በሚሊ ቫኒሊ ዘንድ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም፤ ወጣቶቹ ነበሩ፣ ድምፁ ነበረ፣ ዘፈኑም ነበረ። በስፓይናል ታፕ ዘንድ ግን ቡድኑ ራሱ አልነበረም። ሆኖም ሐሰት የተባለው ሁሉም ነገር የነበረው ነው፤ ጥበብ የተባለው ዋናው ነገር ያልነበረው ነው። ስለዚህ ፈጠራን ከሐሰት የሚለየው ያልነበረው ነገር ብዛት ሊሆን አይችልም።

አንዳንዶች ልዩነቱ በማስታወቅ ላይ ነው ይላሉ። ተራኪው «ተረት ተረት» ይላል፤ አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። በዚህች አጭር ቅብብል ውል ታስሯልና ከዚያ በኋላ ጅብ ቢናገር፣ ጦጣ ብትፈርድ ውሸታም የሚባል የለም። መልሱ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። የስፓይናል ታፕ ፊልም ሲጀምር «ተረት ተረት» አላለም። እንዲያውም ቡድኑ በእውነት ያለ መስሏቸው የወጡ ተመልካቾች ነበሩ።

የጠለቀው ልዩነት የሚታየው ምስጢሩ በተገለጠ ጊዜ ነው። በፊልሙ መጨረሻ የተዋንያኑ ስም ተጽፏል፤ ሥራው መፍቻውን በራሱ ኪስ ይዞ ይዞራል። ተመልካቹ ነገሩን ሲያውቅ ሥራው አይሞትበትም፤ ተመልሶ ሲያየው ይበልጥ ይስቃል፣ ይበልጥም ያስባል። የሚሊ ቫኒሊ ሥራ ግን የሚኖረው ምስጢሩ እስካልታወቀ ድረስ ብቻ ነበር። ሐሰት እንዳይታወቅበት ይጸልያል፤ ፈጠራ እንዲታወቅለት ይጠብቃል። ሰምና ወርቅን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ የሚቀር ከሆነ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ሲቀልጥ ባዶ እጅ የሚያስቀር ከሆነ ማጭበርበር ነው።

ምናልባት አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ፣ «ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው፤ ጆሮ የወደደውን ወዷል፤ አድማጩ ምን ተጎዳ?» ሊል ይችላል። አድማጭ ግን ለሙዚቃ የሚሰጠው ጆሮውን ብቻ አይደለም። አድናቆቱንና አመኔታውንም ይሰጣል፤ እነዚህም የሚሰጡት ለሰው ነው። በዚያ ታሪክ የአድማጩ አክብሮት አድራሻውን ስቶ ሄደ። ከአድማጩም በላይ የተጎዱት ድምፃቸው ዓለምን ሲያዳርስ ስማቸው በስቱዲዮ ግድግዳ ውስጥ የቀረው ዘፋኞች ናቸው። ሁለቱ ወጣቶችም ቢሆኑ የውርደቱን ሸክም ከሁሉ አብልጠው ተሸከሙ፤ ነገሩን ያቀደው ግን ከመድረኩ በስተጀርባ ነበር። ነቀፌታ የሚመዘን ከሆነ ፊት የታየው ሳይሆን መፍቻውን የያዘው ቀድሞ ሊመዘን ይገባል።

ከዚህ ሁለተኛው ሚዛን ይወለዳል፤ እርሱም የድካም ጉዳይ ነው። ስፓይናል ታፕም ቢሆን ከዚህ ሚዛን አላመለጠም። በ2016 ሃሪ ሺረር የፊልሙን መብት በያዘው ኩባንያ ላይ ክስ መሠረተ፤ ባልደረቦቹም ተከተሉት። በክሱ እንደተገለጸው ከ1984 እስከ 2006 ከልዩ ልዩ ዕቃዎች ሽያጭ ለአራቱ ፈጣሪዎች የታሰበላቸው ድርሻ 81 ዶላር፣ ከ1989 እስከ 2006 ከሙዚቃው ሽያጭ የታሰበላቸው ደግሞ 98 ዶላር ነበር። ክርክሩ በኋላ በስምምነት ተቋጨ። በፊልሙ ውስጥ ያለው ቡድን በነጋዴዎች እጅ ሲንገላታ ተመልካች ስቆ ነበር፤ በሕይወት ውስጥ ግን ስለ ዋጋቸው የተሟገቱት ጭምብሉን የለበሱት ሰዎች ነበሩ። ቡድኑ ልብ ወለድ ቢሆንም ላቡ ልብ ወለድ አልነበረም።

እንግዲህ ለአስተማሪ፣ ለካድሬና ለከያኒ የሚተርፈው ትምህርት ያልነበረን ነገር ከመፍራት የራቀ ነው። አንድ ሥራ ሲቀርብ «ይህ በእውነት ሆኗል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ልብ ወለድን ሁሉ ለፍርድ ማቅረብ ይሆናል። ተገቢዎቹ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ሽፋኑ ሲነሣ ከሥሩ የሚገኝ ነገር አለ ወይ? የደከመውስ ሰው በስሙ ተጠርቶ ዋጋውን አግኝቷል ወይ? ለሁለቱም አዎን የሚል ሥራ፣ ጀግናው ኖሮ የማያውቅ ቢሆንም እውነት ነው። ለሁለቱም ዝም የሚል ሥራ ግን ድምፅ ማጉያው እስከ 11 ቢቆጥርም የሚያሰማው ባዶነቱን ብቻ ነው።