ያልጣለችውን የታቀፈች ዶሮ



ጌታችን ስለ ኢየሩሳሌም ሲያዝን ራሱን ያመሳሰለው ጫጩቶቿን ከክንፏ ሥር ከምትሰበስብ ዶሮ ጋር ነው (ማቴዎስ 23፥37)። ሰባኪዎች ይህን ቶሎ ያልፉታል። እኛ ግን ዶሮ ያረባን ሴቶች ነንና ትንሽ እንቆይበት።

ዶሮ ለምን ትታቀፋለች? ቀኑ ሲረዝም፣ አየሩ ሲሞቅ፣ ቦታው ጨለም ብሎ ጸጥ ሲል፣ እንቁላሉም ተጠራቅሞ ደረቷን ሲነካት ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን በሰውነቷ ውስጥ ይጨምራል። እኛ ስንወልድ ጡታችን ላይ ወተት የሚያመጣው ራሱ ነው! ከዚያ መጣል ታቆማለች፣ የደረቷ ላባ ይረግፋል፣ ሰው ሲጠጋት ትቆጣለች፣ እንቁላሉን እያገላበጠች 21 ቀን ትቀመጣለች። የፈረንጅ ዶሮ ብዙ እንድትጥል ተብላ ስለተዳቀለች ይህ ጠባይ ጠፍቶባታል። የሐበሻ ዶሮ ግን መታቀፍ ትወዳለች።

አሁን ልብ በሉ። የታቀፈች ዶሮ እንቁላሉ የማን ነው ብላ አትጠይቅም። የጎረቤት ቢሆን፣ የዳክዬም ቢሆን ታቅፋ ትፈለፍለዋለች።

«የማዳም ልጅ ማማ ሲለኝ ልቤ ይቀልጣል፤ ወዲያው አገር ቤት ያለችው ልጄ ትዝ ትለኝና የከዳኋት ይመስለኛል» የምትዪ እህቴ፣ አልከዳሻትም። ሕፃን በየቀኑ ደረትሽ ላይ እያስተኛሽ ልብሽን ቀዝቅዝ ልትዪው አትችዪም። እንዲህ አድርጎ የሠራሽ ፈጣሪ ነው። «ልጇን ጥላ ሄደች» የሚልሽ ሰውም አንቺ የላክሽውን ሐዋላ እየበላ ይሆናል። አገር ቤት ዶሮዋ መታቀፏን እንድትተው ጎረቤት ቤት ይወስዷታል፤ በጥቂት ቀን ትረሳዋለች። እኛ ባሕር ተሻግረን መቼ ረሳን?

ኤርምያስ 17፥11ን የሚጠቅስብሽም አይጠፋም፤ ያልጣለችውን ስለምትታቀፍ ቆቅ የሚለውን። እስከ መጨረሻው አንብቢለት። ነቢዩ የሚናገረው በግፍ ሀብት ስለሚሰበስብ ሰው ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ይዞ የሚያስቀር ይስማው።

ደግሞ ይህን አትርሱ፦ ታቃፊዋም ብትሆን በቀን አንዴ ትነሣለች። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አፈር ላይ ትንከባለላለች፣ ትመለሳለች። በዚያች ደቂቃ እንቁላሉ አይበላሽም። አልነሣም ያለች ግን እዚያው ከስታ ልትሞት ትችላለች። ከእኛ መካከል ደመወዟን ሁሉ ልካ ለሞዴስ መግዣ እንኳ የማታስቀር አለች። እህል ሳትቀምስ እስከ ማታ የምትቆም አለች። እባካችሁ ይህን ጾም አትበሉት። ብዪ እህቴ፤ ከሚላከውም ለራስሽ ጥቂት አስቀሪ።

በሚመጣው እሑድ ፈቃድ ያላችሁ የልጆቻችሁን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ኑ። የምታሳድጉትንም የማዳም ልጅ ጨምሩ። መውጣት የተከለከላችሁ በምትመጣ እህት በኩል ላኩልን፤ ሁሉንም በየስማቸው እየጠራን እንጸልያለን።