የርካሹን ሰርቮ ዋጋ ማን ከፈለው?



በሪሞት የምትነዳ መኪና ያለው ሰው ሰርቮን ያውቀዋል። ለማያውቅ ባጭሩ ለመናገር፣ የፊት ጎማዎቹን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዞር፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል መሣሪያ ነው። በውስጡ ትንሽ ሞተር፣ ተያያዥ ማርሾችና ሞተሩን የሚያዝ ሰርኪዩት አሉት። መኪናዋ ከመንገድ ጠርዝ ጋር ስትላተም ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ ማርሹ ጥርስ ይሸረፋል። ከዚያ በኋላ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ምትኩን በርካሽ ከየት ላግኝ?

ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ይመስላል። ግን እዚህ ኦስሎ ርካሽ ሰርቮ የሚገኝባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ብናይ፣ አንዳንዶቹ ከአማና ጋር ያፋጥጡናል። እኔ ያልከፈልኩትን ሌላ ሰው ሳያውቅ ከከፈለው፣ ሰርቮው በእርግጥ ርካሽ ነው?

ሕጉ የሰጠንና እኛ የምንወስደው

በኖርዌይ ሕግ ከኢንተርኔት ሱቅ የገዛነውን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳባችንን ቀይረን መመለስ እንችላለን፤ «አንግረሬት» የሚባለው ነው። ዕቃው ሲሸጥልን ጀምሮ ጉድለት ካለበት ደግሞ እስከ 2 ዓመት፣ ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግል የተሠራ ከሆነ እስከ 5 ዓመት አቤት ማለት ይቻላል። እነዚህ መብቶች ገዢውን ይጠብቃሉ፤ በሐቅ መጠቀም ምንም ነውር የለበትም።

ነገር ግን ሰርቮ አዝዞ ቅዳሜና እሁድ ሲወዳደርበት ይውልና ሰኞ ጠራርጎ የሚመልስ አለ። የተቃጠለውን አሮጌ ሰርቮ በአዲሱ ካርቶን ከትቶ የሚልክ አለ። ውሃ የማይችለውን ሰርቮ በረዶ ላይ ነድቶ ካበላሸ በኋላ «ሲመጣም አይሠራም ነበር» የሚል አለ። «ሕጉ ፈቅዶልኛል» ማለት እዚህ አያዋጣም። የመመለስ መብቱ የተሰጠው ዕቃውን አይቶና ሞክሮ ለመወሰን ነው፤ ከዚያ ያለፈ አጠቃቀም ዋጋውን ካወረደው ሻጩ ልዩነቱን መቀነስ እንደሚችል ያው ሕግ ይናገራል።

ሌላው ሰበብ «ሱቁ አይጎዳም፣ ባለቤቱም ሙስሊም አይደለም» የሚል ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደኋላ የተዉት የሰዎችን አደራ እንዲመልስላቸው ነበር። ከአደራው ባለቤቶች መካከል እርሳቸውን የሚቃወሙ ነበሩ። የተቃዋሚ አማና እንዲህ ከተጠበቀ፣ ምንም ያላደረገን ባለሱቅ ንብረት በምን ሒሳብ ይቀላል?

አንድ መመዘኛ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩን፣ ገዢና ሻጭ እውነቱን ተናግረው ያለውን ሁሉ ግልጽ ካደረጉ ንግዳቸው በረካ ይኖረዋል፤ ከደበቁና ከዋሹ በረካው ይጠፋል። ትምህርቱ ሻጩን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ይመለከታል። ከዚህ አንድ ጥያቄ ማውጣት እንችላለን፦ ነገሩን ሁሉ ብነግረው፣ ሰውየው በዚሁ ይስማማ ነበር? «ሁለት ቀን ተወዳደርኩበት፤ ሙሉ ገንዘቤን መልስልኝ» ብሎ ለመጻፍ እጃችን ከተያዘ፣ መልሱን አግኝተነዋል።

ከባዱ ጉዳይ

የሚከብደው ሻጩ የማያውቀውን እኛ ስናውቅ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው የተወውን የተሰበረ መኪና ፊን ላይ በ100 ክሮነር አወጡ እንበል። ፎቶውን ስታዩ፣ ውስጡ ያለው ሰርቮ ብቻውን የዚያን ብዙ እጥፍ እንደሚያወጣ አወቃችሁ። ማንም አልዋሸም። ዝም ብሎ መግዛትስ?

በአንድ በኩል፣ ዋጋውን የወሰኑት ራሳቸው ናቸው፤ ዕውቀታችንም የልፋታችን ፍሬ ነው። በሌላ በኩል የጀሪር ኢብን ዐብደላህ (ረ.ዐ) ታሪክ አለ። አገልጋያቸው ፈረስ በ300 ድርሃም ገዛላቸው። ጀሪር ግን ፈረሱ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ አይተው፣ ለሻጩ ራሳቸው ዋጋውን እየጨመሩ 800 አደረሱት። ምክንያታቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሰው ቅን ለመሆን ቃል መግባታቸው ነበር።

ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም፤ ብይኑን ዑለሞችን ጠይቁ። እኔ የማየው ግን፣ በመዋሸትና በጀሪር ከፍታ መካከል ሰፊ ቦታ እንዳለ ነው። ሴትዮዋ «ዋጋ ይኖረው ይሆን?» ብለው ቢጠይቁ እውነቱን መናገር ግዴታችን ነው። ሳይጠይቁን «ሰርቮው ጥሩ ነው፤ በ100 ክሮነር ይሰጡኛል?» ማለት ደግሞ ኢሕሳን ነው። እሺ ካሉ፣ ያ ሰርቮ በእውነት ርካሽ ሆነ።

ንጹሕ ርካሽ

ማንንም የማይጎዳ ቁጠባ ሞልቷል። አዲስ ከማዘዛችሁ በፊት ሰርቮውን በሌላ ሪሲቨር ሞክሩት፤ ጥፋቱ የእርሱ ላይሆን ይችላል። ሞተሩ እየጮኸ ዘንጉ ካልዞረ የተበላው ማርሹ ነው፤ ለብዙ ሰርቮዎች ማርሹ ለብቻው ይሸጣል፤ ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ መቀየር ነው። ሙሉውን መግዛት ግድ ከሆነ፣ መጠኑን፣ ጉልበቱንና በዘንጉ ጫፍ ያሉትን ጥርሶች ቁጠሩ። የፉታባ በአብዛኛው 25፣ የሂቴክ 24 ስለሆነ የአንዱ ክንድ በሌላው ላይ አይገባም። እንደ ኤምጂ996አር ያሉት ርካሾች ተመስለው ስለሚሠሩ ጥራታቸው ይለያያል፤ ስትሸጡ የሌላቸውን ስም አትስጧቸው። ማቀፊያው ከተሰበረ ደግሞ ዴይክማን ቢዮርቪካ ቤተ መጻሕፍት 3ዲ ማተሚያ አለ።

ይህ ለቤተሰቦቻችን እንግዳ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል፤ አሮጌ ጎማ በረባሶ ይሆናል። እዚያ ርካሽ የሚገኘው በእጅ ልፋት ነው። ጠግኖ መጠቀም የድህነት ምልክት ሳይሆን ከኢስራፍ መራቅ ነው።

መኪናዋ መጫወቻ ናት፤ የሰው ሐቅ ግን መጫወቻ አይደለም። በ200 ክሮነር ሰርቮ ላይ አማናን የለመደ እጅ፣ ነገ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሲሰጠው አይከብደውም።

አላህ ሐላሉን የሚያብቃቃን፣ በረካውንም የማይነሳን ያድርገን። አሚን።