ገንዘቡ ከመንግሥት፣ ምርጫው ከማን?



ጌታችን በቤተ ልሔም ሲወለድ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ እንዳልተገኘለት የምናምን እኛ፣ የመጠለያ ችግር የምጽዋት ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጥያቄ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባንም። ዛሬ ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ለማንሣት ወደድን። መንግሥት ለድኻው ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ሲመድብ፣ ቤቱ ምን ዓይነት ይሁን፣ ለማንስ ይሰጥ ብሎ መወሰን ያለበት ማን ነው?

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት አዛወረ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸውም ለቀበሌ ተሰጡ። ለድኻው ኪራይ ተቀነሰለት፤ ይህም በጎ ነበር። ነገር ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና የሚበቃ ስላልነበረ፣ ቤቶቹ በቀበሌው እጅ እያሉ አረጁ፣ ጣራቸውም አፈሰሰ። ያለ ገንዘብ የተሰጠ ኃላፊነት ፍሬው ይህ ነው።

በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ በ1998 ዓ.ም. ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በአንጻሩ ገንዘብ ነበረው፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ንድፍ ይዞ መጣ። ቦታ በጠበበባት አዲስ አበባ ብዙ ቤተሰቦችን የቤት ባለቤት አድርጓል። በብዙ የክልል ከተሞች ግን ዋጋው ከአካባቢው ቤት ጋር ሲነጻጸር ስለከበደና የፎቅ ኑሮም ለነዋሪው እንግዳ ስለሆነበት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግንባታው በአብዛኛው ተቋረጠ።

ነገሩን በሰሜን ሸዋ ደጋ እንመዝነው። የመንዝ ሰው እንጨት ስለሚያጥረው ቤቱን በድንጋይ ይገነባል፤ በጓሳ ሣር ይከድናል፤ ብርዱን በባና ይከላከላል። በጎቹ የሚያድሩበት፣ ኩበት የሚደርቅበት ግቢም ለእርሱ የኑሮው መሠረት እንጂ ትርፍ ቦታ አይደለም። ወደ መርሐቤቴ ሲወርዱ ደግሞ አየሩ ይለወጣል፤ የጀማ ሸለቆ ሙቀት የመሐል ሜዳን ብርድ አያውቅም። ሲሚንቶና ብረት የጣርማ በርን አቀበት ወጥቶ መንዝ ሲደርስ የጭነት ዋጋ ይጨመርበታል፤ ድንጋዩ፣ ጠራቢውና የደቦው ጉልበት ግን እዚያው ናቸው። ታዲያ አንድ ንድፍ ለሁሉ እንዴት ይበቃል?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 በጻፉት መልእክት፣ ታናሹ ማኅበር ሊፈጽመው የሚችለውን ታላቁ ሊነጥቀው እንደማይገባ፣ ይልቁንም ሊረዳው እንደሚገባ አስተምረዋል። እንግዲህ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ በጀት ሲደርሳቸው ቤቱን እንደ አገራቸው ጠባይ የመምረጥ ነጻነት ቢጨመርላቸው ከዚህ ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው።

ይሁን እንጂ ከቅርብ የመጣ ሁሉ ትክክል ነው ማለታችን አይደለም። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት ከልለው፣ በተወሰነው ጊዜ ብቻ እየከፈቱ፣ ለዘመናት ጠብቀውታል፤ ጥበባቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የመጠቀም መብቱ ከቀደምት አቅኚዎች ለሚወለዱት ነበር። ዘር የማይቆጠርለት ሰው ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። ቤት በአካባቢው ውሳኔ ብቻ ሲታደልም ዘመድ የሌላት መበለት፣ ከሩቅ ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ እንዲሁ ሊረሱ ይችላሉ። ከሩቅ ያለ መሥሪያ ቤትና የኮምፒዩተር ዕጣም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የ25,791 ቤቶች ዕጣ፣ የማይገባቸው ሰዎች ስም ገብቶበት በመገኘቱ ተሰርዟል።

ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳሰቡት፣ የታናሹ ነጻነት ከወንድማማችነት ቢለይ ራስ ወዳድነትን ያፈራል፤ ወንድማማችነትም ከነጻነት ቢለይ ድኻውን ጠባቂ ብቻ ያደርገዋል። ስለሆነም የቤቱ መልክ፣ የግንባታው ዕቃና የአሠራሩ ስልት ለአካባቢው ይተው እንላለን። መንግሥት ገንዘቡን ይስጥ፤ ነገር ግን ወገን የሌለው እንዳይዘለል መከታተልን ከቶ አይተው። የተቀባዮቹም ስም ዝርዝር በአደባባይ ይነበብ።

እኛስ? በየቁምስናችንና በየዕድራችን ዝርዝሩ ሲነበብ ከሚሰሙት መካከል ነን። የጎረቤታችን ስም ሲጠራ ደስ ሊለን ይገባል፤ ያልተጠራውን፣ የሚጠራለትም የሌለውን ሰው ስም ግን ተነሥተን መጥራት የእኛ ፈንታ ነው።