ዓይነ ኵሉ በኩሬ ዳር

በጎጃም ማዕድ ላይ «በቃኝ» የሚለው ቃል ማንንም አያስቆምም። እንግዳው ጠገብኩ ሲል «በሞቴ!» ይባላል፤ እንጀራው ይጠቀለላል፤ ጉርሻው አፉ ድረስ ይሄዳል። ደግ ልማድ ነው፤ እንዲጠፋ የሚመኝ የለም። ከሥሩ ግን ያልተመረመረ አንድ እምነት አለ፤ ምግብ መስጠት ምንጊዜም መልካም ነው፣ ሲበዛ ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው የሚል። ይህን እምነት ለመመርመር ከሰው ማዕድ ወጣ ብሎ፣ መናገር የማይችል፣ በሞቴ ቢሉት የማይሰማ ፍጥረት ዘንድ መሄድ ይጠቅማል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር በጓሮ ተቆፍሮ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የተለቀቀበት ኩሬ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መምህር ነው። የምሟገትለት ነገር ይህ ነው፦ መስጠት ከሰጪው እጅ ይጀምራል እንጂ እዚያ አይፈጸምም፤ የሚፈጸመው በተቀባዩ ሰውነት ውስጥ ነው። ስለዚህ የተቀባዩን ሁኔታ ለማወቅ ያልደከመ ደግነት ገና መንገድ ላይ ያለ ደግነት ነው።

ዓሣ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ጠብቆ አይኖርም። ውኃው ሲበርድ እሱም ይበርዳል፤ የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ ሲወርድ የሰውነቱ ሥራ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ውኃ ውስጥ ደህና ይበላል፣ ደህና ያድጋል። ከ20 በታች ፍላጎቱ ይቀዘቅዛል፤ ወደ 16 ሲጠጋ መብላቱን ይተዋል፤ ወደ 10 ከወረደማ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። በሌላው ዓለም ለውበት ሲባል በአትክልት ቦታ ኩሬ የሚረቡት ኮይና ወርቃማ ዓሣ ብርድን ከቆሮሶ ይልቅ ይችላሉ፤ የእነሱም ሥርዓት ግን ያው ነው። ኮይ ጃፓኖች ከካርፕ በቀለሙ እየመረጡ ያገኙት ዓሣ ሲሆን ጨጓራ የለውም፤ የበላው በቀጥታ አንጀቱ ውስጥ ይገባል። ውኃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጠንቃቃ አሳዳጊ ምግብ ጭራሽ ያቆማል፤ ብርዱ አልፎ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ከስንዴ በተዘጋጀ፣ ፕሮቲኑ አነስ ባለ ለስላሳ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ይጀምራል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ሰው በፋሲካ ዶሮ ወጡ ላይ ከመድረሱ በፊት ተልባ ይጠጣል። ያረፈ አንጀት በድንገት እንደማይጫን እናቶቻችን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል።

አሁን ሁለት ማለዳዎችን ቀረብ ብለን እንይ። የመጀመሪያው የታኅሣሥ ማለዳ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ አድሯል፤ ብርዱ ሣሩ ላይ ተኝቷል። ጥልቀት የሌለው ኩሬ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ቡሬ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም 200 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ለአንዱ የተዘጋጀ የአመጋገብ ልክ ለሌላው ልክ አይሆንም። ዓሦቹ ከታች ተሰብስበው አይንቀሳቀሱም። ባለቤታቸው ተርበው ደከሙ ብሎ ያዝንና ፉርሽካና ፋጉሎ ይበትናል። ፉርሽካው ይንሳፈፋል፣ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይሰጥማል፤ ማንም ሳይነካው ከሥር ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል፣ አሞኒያ ይተፋል፤ አሞኒያው የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል። ሁለተኛው የሚያዝያ ማለዳ ነው፤ ውኃው ሞቅ ብሎ አረንጓዴ ሆኗል። ዓሦቹ ከላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ላየው ሁሉ ልመና ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ውኃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት መልሶ ይወስዳል፤ ጎህ ሲቀድ ውኃው ትንፋሽ አጥሮታል። ቀድሞም ቢሆን ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ነው፤ በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ቢይዝ 30 ዲግሪ የሆነው 7.5 ያህል ነው የሚይዘው፤ 2,000 ሜትር ግድም ባለ አገር ደግሞ ከዚህም አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ምግብ መፍጨት ራሱ ኦክስጅን ይጠይቃል። በዚያ ሰዓት የሚበተን ምግብ የታፈነን ሰው አፍ በጉርሻ እንደ መሙላት ነው። ያ የተከፈተ አፍ የሚለምነው ትንፋሽ ነው።

«እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፤ ገበሬው ያደረገው በቅንነት እስከሆነ ድረስ ምን ጥፋት አለበት?» የሚል ይኖራል። ለመጀመሪያው ቀን ልክ ነው፤ ባለማወቅ የሆነውን ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ቅንነት እዚያው የሚቆም ከሆነ የሚያስበው ስለ ራሱ ነው፤ ሰጪው የሰጠበትን ደስታ ይዞ ይሄዳል፣ ዓሣው ደግሞ መከራውን ይዞ ይቀራል። የመጽሐፍ ቅዱስም ቋንቋ ከዚህ ይጠነቀቃል። በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 103 በባሕር ውስጥ ስለሚኖሩ ትናንሽና ታላላቅ ፍጥረታት ሲናገር የፈጣሪን መጋቢነት ከጊዜው ጋር ያስተሳስረዋል። የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ደግሞ ይህን በቀን መቁጠሪያው ላይ ጽፎታል። ክረምቱ በየክፍሉ ስም አለው፤ የነሐሴን አጋማሽ የያዘው ክፍል እጐለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉ ዓይን ማለት ነው። በዚያ ወቅት እዚሁ ፍኖተ ሰላም አካባቢ በጃቢ ጠህናን ጎተራው ወደ ታች ወርዷል፤ በቆሎው ገና እሸት ሊሆን ነው። ፍጥረት ሁሉ ዓይኑን ወደ መጋቢው የሚያነሣበት ወቅት ተብሎ የተሰየመው የጥጋቡ ወር አይደለም፤ የመጠበቁ ወር ነው። ይህን ስም ያወጡ አባቶች መጠበቅን ከመመገብ ውጭ አላደረጉትም፤ የመመገብ ክፍል አድርገውታል። በቆሎው ከጊዜው በፊት ቢሸለቀቅ ለማንም አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ ከተፈጥሮ ይነሣል። የጣና ዓሣ ቴርሞሜትር ይዞ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር ስንት ዘመን ኖሯል፤ የኩሬው ዓሣስ ለምን ለራሱ አይተውም? ልዩነቱ ግድግዳው ነው። ሐይቅ ውስጥ ያለ ዓሣ ሲበርደው ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ሲሞቀው ጥላ ይፈልጋል፣ አየር ሲያጥረው ወደ ወንዝ አፍ ይሄዳል። በጥቂት ክንድ ጉድጓድ የከተትነው ዓሣ መሄጃውን ወስደንበታል። መሄጃ የወሰደ ሰው የማወቅንም ኃላፊነት አብሮ ወስዷል፤ ለዚያ ፍጥረት የሚጠበቅበት ለሐይቁ ዓሣ ከሚጠበቅበት ይልቅ ይበዛል። ዓሣው ነገ ተጠብሶ የሚበላ መሆኑም ይህን አይቀንሰውም።

እኔን በእውነት የሚያስጨንቀኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። «መስጠት ጊዜ አለው» የሚለው ቃል በሰው ላይ ሲውል የንፉግ መሸሸጊያ ይሆናል። ለራበው ሰው «አሁን አይጠቅምህም» ያለ ባለጸጋ ስንት ነው! ይህ አገር ረኀብን በመጽሐፍ የሚያውቅ አገር አይደለም፤ ስለዚህ ጥያቄው በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። መልሱን ረኀብን ከሚያክሙት ዘንድ እናገኘዋለን። በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቶ ሆስፒታል የገባ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባል ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ። የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስና ሰውነቱ ሲረጋጋ ወደ ኤፍ-100 ይሸጋገራል። ምክንያቱም የመነመነ ሰውነት በአንዴ ብዙ ሲቀበል በደም ውስጥ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም ወርደው ልብ ሊቆም ይችላል። ነርሷ ግን ወተቱን አሳንሳ ሰጥታ ወደ ቤቷ አልሄደችም። በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ሌሊትም ጭምር ትመጣለች፤ ትለካለች፣ ታያለች፣ ትጽፋለች። ንፉጉና ነርሷ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ንፉግ እጁን ሲሰበስብ ዓይኑንም አብሮ ይሰበስባል፤ እሷ ግን እጇን ባሳነሰች መጠን ዓይኗን ታበዛለች። መስጠቱን የሚወስነው የተቀባዩ ሰውነት ሲሆን ማሳነሱ ምሕረት ነው፤ የሚወስነው የሰጪው ኪስ ሲሆን ግን ምንም ስም ቢወጣለት ንፍገት ነው። በዚያ ላይ የተራበ ሰው አፍ አለው፤ ይናገራል። ዓሣው ስለማይናገር ነው እኛ መገመት የያዝነው፤ ሰውን ግን ሳይጠይቁ ስለ እሱ መገመት ከቶ አይገባም።

ጉርሻም ቢሆን በሚገባ ላስተዋለው ይህንኑ ይዟል። ደህና አጉራሽ ሁለተኛውን ከመጠቅለሉ በፊት የፊቱን ሰው አፍ ያያል፤ የመጀመሪያው እስኪወርድ ይጠብቃል። ኩሬው ዳርም የሚደረገው ከዚህ አይርቅም። በታኅሣሥ ማለዳ ቴርሞሜትሩን ክንድ ያህል ጠልቆ በክር ማውረድ፣ 16 ወይም 17 ካለ ፉርሽካውን በጆንያው መተው፤ ፀሐይ ውኃውን ካሞቀች በኋላ ቀትር አልፎ ዳግመኛ መለካት። 20 ከደረሰ አንድ ጭብጥ በአንድ ጥግ መበተንና ቁጢጥ ብሎ ማየት። በ10 ደቂቃ ውስጥ ጠርገው ከጨረሱ ሌላ ግማሽ ጭብጥ ይጨመራል፤ ከተንሳፈፈ በወንፊት ተለቅሞ ይወጣል፤ ጆንያው ይታሰራል።