የተቀበሉትን ወንበር ስለ መልቀቅ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ በጂንካ ያደገ አንድ ወጣት የሕግ ትምህርት ቤት ሲቀበለው «እመጣለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጠ እንበል። ሊነሣ ሲል አባቱ ታመመ፤ ታናናሾቹን የሚያሳድግ ሌላ ሰው የለም። ቃሉን ቢያጥፍ በደለኛ ነውን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1731ኛው አንቀጽ፥ በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል። ነገር ግን ልጁን አምስት ዓመት ሙሉ ሕግ ተማር ብሎ የሚፈርድበት ዳኛ ከወዴት ይገኛል? ስለዚህ ነገሩ ለኅሊና ቀረ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ባዶው ወንበር ነው። ሐመሩ፥ ዳሰነቹ፥ ሙርሲው የየራሱ ቋንቋ አለው፤ በችሎት አስተርጓሚ ቢቆምለትም፥ በገዛ ቋንቋው የሚያማክረው ጠበቃ ማግኘት ግን ሌላ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ቢቀር ያን ጠበቃ ሁለት ጊዜ ያሳጣዋል፤ አንድ ጊዜ በራሱ፥ ሁለተኛም ወንበሩን ሲጠባበቅ በቀረው በሌላው ልጅ። መቅረቱን ይቅር እለዋለሁ፤ ዝምታውን ግን አልችልም።

ምክንያቱ የአባት ሕመም ባይሆን፥ ስሙ የገነነ ሌላ ትምህርት ቤት ቢሆንስ? ያን ጊዜም አልከለክለውም፤ ሁለቱን ወንበር ይዞ እያማረጠ ወር ካከረመ ግን እወቅሰዋለሁ። ዱሮ ከጂንካ የተላከ ደብዳቤ አዲስ አበባ እስኪደርስ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ግን ስልክ አለና በመንገዱ ርቀት ማመካኘት አይቻልም።